የበዓል ዋዜማ ዋጋ፦ በጎሬና በመቱ የትኛው በር ይዘጋ?

የዛሬው ጽሑፍ የዕለት ዋጋ አይደለም። እሱን እንደተለመደው ማታ እናወጣለን። ዛሬ የምናነሳው በየዓመቱ ገና ሲቃረብ ተነስቶ ጥምቀት ሲያልፍ የሚረሳውን ጥያቄ ነው፦ በሕዝብ በዓል ቀን የቡና መግዣ ቤት ይከፈት ወይስ ይዘጋ?

ክርክሩን ታውቁታላችሁ። አንዱ "ገበሬ በበዓልም ብር ያስፈልገዋል፣ ክፈቱ" ይላል። ሌላው "በዓል በዓል ነው፣ ሚዛንም ይረፍ" ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን ክርክሩ የተያዘው በተሳሳተው ቀን ላይ ነው ባይ ነን። በኢሉባቦር ገበሬው ገንዘብ የሚያጣው በበዓሉ ቀን አይደለም፤ በዋዜማው ነው። ስለዚህ "ይከፈት ወይስ ይዘጋ" ከማለታችን በፊት "የትኛው በር፣ ለየትኛው ቡና" ብለን እንጠይቅ።

መጀመሪያ ካላንደሩን እንይ

ከመስቀል (መስከረም 17) እስከ ገና (ታኅሣሥ 29) ድረስ ሥራ የሚያዘጋ ቋሚ የሕዝብ በዓል የለም። በጨረቃ የሚቆጠሩት የእስልምና በዓላት በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጡ ይዞራሉ፤ በአሁኑ ዓመታት ግን በዚህ መሀል አይገቡም። ይህ ማለት በአሌ፣ በዲዱ፣ በሁሩሙ፣ በያዮ ያለው አብዛኛው እሸት ቡና የሚለቀመው ባንክም ሆነ ምርት ገበያ በሕዝብ በዓል በማይዘጋበት ጊዜ ነው። ኅዳር ሚካኤልና ኅዳር ጽዮን አሉ፤ እነሱ ግን መሥሪያ ቤት አያዘጉም።

ችግሩ የሚመጣው ጀንፈል ሲደርስ ነው። በአልጋና በግቢ የደረቀው ቡና ወደ ገበያ የሚጎርፈው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። በዚያ ጊዜ መሀል ገና አለ፤ ከ12 ቀን በኋላ ጥምቀት (ጥር 11) ይመጣል፤ ከዚያ የካቲት 23 ዓድዋ ይከተላል። ጥምቀት ደግሞ በወረቀት አንድ ቀን ይሁን እንጂ መሬት ላይ አንድ ቀን አይደለም። ጥር 10 ከተራ ከሰዓት በኋላ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ጥር 12 ሚካኤል ታቦቱ ሲመለስ መንገዱ ይሞላል። ጎሬ ላይ ታቦት እያለፈ ሚዛን የሚያቆም ነጋዴ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ሲደመር ሁለት ቀን ተኩል ነው።

ሌላም ነገር አለ። እኛ በዓል ስናከብር ኒውዮርክ ላትዘጋ ትችላለች። የአረቢካ ዋጋ የሚቆረጥበት የኒውዮርክ ገበያ በፈረንጅ ገና፣ በእኛ ታኅሣሥ 16፣ ዝግ ነው፤ በእኛ ገና ቀን ግን እንደማንኛውም ቀን ይሠራል። በ2018 ጥምቀት ሰኞ ዋለ፤ ያ ሰኞ የአሜሪካኖቹ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀንም ስለነበር ሁለታችንም አብረን አረፍን። በ2019 ግን አንገናኝም። ሰኞ ጥር 10 እነሱ ይዘጋሉ፤ ማክሰኞ ጥር 11 እኛ እንዘጋለን፣ እነሱ ይከፍታሉ። ረቡዕ ጠዋት ጎሬ ላይ የሚከፈተው በር የማክሰኞ ማታን ዋጋ ተሸክሞ ነው የሚከፈተው። ይህን ገዢው ያውቃል። ሻጩስ?

ዋዜማ ላይ ምን ይሆናል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከበዓሉ ሁለትና ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ገበሬው ብር ይፈልጋል። በግ አለ፣ ዶሮ አለ፣ ቅቤ አለ፣ የልጆች ልብስ አለ፤ ከከተማ የሚመጣ እንግዳም አለ። በእጁ ያለው ጥሪት ደግሞ ጀንፈል ነው። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይዞ ይወጣል።

በሌላ በኩል የገዢው ገንዘብ በዚያው ሳምንት ይጠባል። ሰብሳቢው ለአቅራቢ፣ አቅራቢው በደሌ ላለው የምርት ገበያ መጋዘን ወይም በቀጥታ ትስስር ለላኪ ነው የሚያስረክበው። በምርት ገበያ የተሸጠ ቡና ክፍያው በማግስቱ ይገባል፤ "ማግስት" ግን የሥራ ቀን ማለት ነው። በዋዜማ የተሸጠው የሚከፈለው ከበዓሉ በኋላ ነው። ላኪውም አዲስ አበባ ሆኖ "ከበዓሉ በኋላ እንነጋገር" ይላል። ስለዚህ ቡና ሲበዛ ብር ያንሳል። ዋጋ ይወርዳል። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ገዢው ብር ይዞ ይመጣል፣ ገበሬው ግን ጎተራውን አራግፏል።

ድሮ በጎሬ ይህ ችግር አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1894 በተፈረመው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ እየወረደ በጀልባ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ጀልባው የሚመጣው ባሮ ሲሞላ፣ በክረምት ነው። በታኅሣሥ የደረቀ ቡና ጎሬ መጋዘን ውስጥ እስከ ሰኔ ይጠብቃል። የግሪኩም፣ የአርመኑም፣ የአገሬውም ነጋዴ ቀን የሚቆጥረው በወንዙ ነበር። ወራት ለሚጠብቅ ቡና የገና አንድ ቀን ምንም አይደለም። ዛሬ መኪናው በመቱና በበደሌ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል፣ ዋጋው በየቀኑ ይለወጣል፣ ብሩም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ነው የሚተመነው። አንድ የተዘጋ ቀን ዋጋ ያለው የሆነው ለዚህ ነው።

የተዘጋ ቀን በእርግጥ ስንት ያወጣል?

ገዢዎች ዋዜማ ላይ ዋጋ ሲቀንሱ የሚሰጡት ምክንያት "ብሬ ይታሰራል" የሚል ነው። እሺ፣ እናስላው። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፣ የዛሬ ዋጋ አይደሉም፤ የራሳችሁን አስገቡበት።

አንድ አቅራቢ 100 ኩንታል ጀንፈል በኪሎ 200 ብር ገዛ እንበል። 2 ሚሊዮን ብር ነው። ብሩን በዓመት 18 በመቶ ወለድ ተበድሮት ቢሆን በቀን የሚከፍለው ወለድ 986 ብር ገደማ ነው። በበዓልና በእሑድ ምክንያት አራት ቀን ቢታሰርበት ከ4,000 ብር ትንሽ ያነሰ ይሆናል። ለ10,000 ኪሎ ስናካፍለው በኪሎ 40 ሳንቲም አይሞላም።

አያችሁ? የታሰረ ብር ዋጋ በኪሎ 40 ሳንቲም ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ በኪሎ 5 እና 6 ብር የሚቀንስ ሰው ሌላ ነገር እየሸጠላችሁ ነው።

በሐቅ ለመናገር ግን ሌላ ምክንያትም አለ፤ ስጋት። ዝግ በሆነበት ቀን ኒውዮርክ 3 በመቶ ቢወርድና ቅናሹ በሙሉ ወደ ጀንፈሉ ቢተላለፍ በ200 ብር ጀንፈል ላይ 6 ብር ነው። በየካቲት 2017 የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ በወጣበት ሰሞን እንዲህ ዓይነት መዋዠቅ በአንድ ቀን የሚታይ ነበር። ስለዚህ የገዢው ፍርሃት የውሸት አይደለም። ግን ዋጋ በዝግ ቀን ሊወርድ እንደሚችል ሁሉ ሊወጣም ይችላል። ሲወጣ ትርፉን ለገበሬው የሚመልስ ገዢ አላየንም። የሁለት ወገን ስጋት አንዱ ወገን ብቻ እየከፈለው ነው ማለት ነው።

ታዲያ በበዓሉ ቀን ቢከፈትስ?

"እንግዲያው በበዓልም ክፈቱና ጣጣው ይለቅ" የሚል ሰው አለ። አዲስ አበባ እንኳን በ2017 የንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 ክፍት እንዲሆኑ ደንግጋለች ብሎ ይከራከራል። ሱቅና ቡና ግን አንድ አይደሉም። ሳሙናና ጨው የሚሸጥ ሱቅ በበዓል ቢከፍት ገዢው ይጠቀማል፤ የሳሙናው ዋጋ የታወቀ ነው። በኢሉባቦር ከተሞች ሱቅ ጨርሶ የተዘጋበት ቀንም ብዙ የለም፤ በገና ሙስሊሙ ይከፍታል፣ በአረፋ ክርስቲያኑ ይከፍታል፣ ጎረቤት ለጎረቤት ይሸፍናል። ይህ ሕግ ሳያስፈልገው የኖረ ደንብ ነው፤ ማንም ባይነካው ጥሩ ነው።

የቡና መግዣ ቤት ግን ሻጭ ሳይሆን ገዢ ነው። አሥር በር በሚከፈትበት ቀን ገበሬው ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ "ስንት ገባ?" ይላል። ምርት ገበያና ባንክ ዝግ ሆነው አንድ በር ብቻ ሲከፈት ግን ዋጋውን የሚወስነው ያ በር ነው። ተፎካካሪ የለም፣ የሚጠቀስ የዕለት ዋጋ የለም፣ የሚዛን ተቆጣጣሪም እረፍት ላይ ነው። በዚያ ላይ በበዓል ቀን ጀንፈል ተሸክሞ የሚመጣው ማነው? የታመመበት፣ ሐዘን የደረሰበት፣ ድንገት የቸገረው ሰው ነው። ለእሱ የተከፈተው በር ገበያ አይባልም። ተወዳዳሪ የሌለው በር ከተዘጋ በር አይሻልም።

"የቸገረው ሰውስ ምን ይሁን?" ብትሉ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ቡናውን አስረክቦ ቅድሚያ ብር መውሰድ ነው። ዋጋው ከበዓሉ በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይቆረጣል። ማኅበር ይህን ማድረግ ይችላል፤ የሚታወቅ ነጋዴም ከሚያውቀው ገበሬ ጋር ሲያደርገው ኖሯል። የሚጎድለው የተጻፈ ደረሰኝ ነው፦ ስንት ኪሎ፣ ምን ያህል እርጥበት፣ ስንት ብር ቅድሚያ፣ ዋጋው በየትኛው ቀን።

ሦስት በሮች

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የቡና ሰው በር አንድ አይደለም፤ ሦስት ነው። ለእያንዳንዱ መልሱ ይለያል።

አንደኛ፣ የእሸት በር። ማጠቢያ ጣቢያ ይከፈት። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይብላላል፤ ለነገ የሚባል እሸት የለም። አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ እሸት ይፈጃል፤ ስለዚህ ጥቂት ኩንታል ሲበላሽ ጉዳቱ ትንሽ አይደለም። በደጋው በኩል ገና ሲደርስ ያልተለቀመ እሸት ይኖራል። በአልጋ ላይ ያለ ቡናም ይገላበጣል፣ ማታ ይሸፈናል፤ እሱም በዓል አያውቅም። ይሁን እንጂ ጣቢያው አስቀድሞ "በገና እስከዚህ ሰዓት ብቻ እንቀበላለን" ብሎ ቢያሳውቅ ገበሬውም በዋዜማው ለቀማውን ያሳንሳል።

ሁለተኛ፣ የጀንፈል በር። ይዘጋ። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች የወረደ ጀንፈል በደረቅ ቦታ ከመሬት ከፍ ብሎ በኬሻ ከተቀመጠ በሦስት ቀን ምንም አይሆንም። ታኅሣሥና ጥር በእኛ አካባቢ ዝናቡ የሚቀንስበት ጊዜ ነው። ቡናው መጠበቅ ከቻለ ሰውም ማረፍ ይችላል። ሁሉም አብሮ ቢዘጋ ደግሞ ብቻውን ከፍቶ የሚጠቀም የለም።

ሦስተኛ፣ የብር በር። ይህ በዋዜማው እስከ ማታ፣ በበዓሉም በስልክ ክፍት ይሁን። ቴሌብርም ሆነ የባንክ የስልክ አገልግሎት በበዓል አይዘጋም። ችግሩ ወኪሉ ጋ ጥሬ ብር ማለቁ ነው። ለበግ ነጋዴ በስልክ መክፈል የሚችል ገበሬ ጥሬ ብር አያስፈልገውም፤ በገጠር ቀበሌ ግን ገና እዚያ አልደረስንም። ስለዚህ ዩኒየኖችና ትልልቅ አቅራቢዎች ከወኪሎች ጋር አስቀድመው ቢነጋገሩ ብዙ ነገር ይቀላል።

ስለ ጉልበት ሠራተኛው

በዚህ ክርክር ድምፃቸው የማይሰማ ሰዎች አሉ፦ ጫኝና አውራጆች፣ ቡና ለቃሚ ሴቶች፣ የጣቢያ ሠራተኞች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወር ደሞዝተኛ በሕዝብ በዓል ባለመሥራቱ ደሞዙ አይቀነስበትም። ከወር ደሞዝ ውጭ የሚከፈለው ሠራተኛ ግን በውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ነው የሚዳኘው። በኪሎና በኬሻ የምትከፈል ሴት በሩ ሲዘጋ ምንም አታገኝም። "ሚዛን ይረፍ" ስንል የእሷ ምጣድም አብሮ ያርፋል ማለት ነው፤ ያውም ወጪ በበዛበት ሳምንት።

በበዓል ቀን የሠራ ሰው ደግሞ በሰዓት የሚያገኘው እጥፍ ሊከፈለው ይገባል፤ የትርፍ ሰዓት ከሆነ ሁለት ተኩል። ማጠቢያ ጣቢያ ይከፈት ስንል ይህን አብረን ነው የምንለው። እጥፉን የማይከፍል ጣቢያ መክፈት የለበትም። ተራውም ይታሰብበት፦ በገና ሙስሊም ሠራተኞች፣ በኢድ ክርስቲያኖች ቢገቡ ማንም በዓሉን አያጣም። ብዙ ጣቢያ ላይ ሠራተኛው ራሱ እንዲህ ይቀያየራል፤ አለቃው መዝገብ ላይ ቢያሰፍረው ይበቃል። ለዕለት ሠራተኞች ደግሞ ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት የሚሠራውን ለቀማና ጭነት ማብዛትና ሒሳባቸውን በዋዜማው ጠዋት መዝጋት ትልቅ ነገር ነው። ከበዓል በኋላ የሚከፈል የበዓል ሳምንት ደሞዝ ለበዓል አይደርስም።

ለ2019 ምን እናድርግ?

በ2019 ገና ሐሙስ፣ ጥምቀት ማክሰኞ ነው። ጊዜ አለን።

ለገበሬዎችና ለመሠረታዊ ማኅበራት፦ ለበዓሉ የሚሆነውን ብቻ ሽጡ፣ የዓመቱን አትሽጡ። 5 ኩንታል ጀንፈል ያለው ሰው ለገና 15,000 ብር ቢፈልግ፣ በላይ ባለው የ200 ብር ስሌት 75 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል። በኪሎ 6 ብር ቢቀነስበት የሚያጣው 450 ብር ነው። አምስቱንም ኩንታል ይዞ ቢወጣ ግን 3,000 ብር ያጣል። ባጃጅ ወይም አህያ "አንዴ ከተከራየሁ ሁሉንም ልጫን" ማለት ነው ይህን ብር የሚያስበላው። ከተቻለ ደግሞ የበዓሉን ብር ከገና በፊት ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አውጡ፤ ሁሉም ሳይጎርፍ።

ለዩኒየኖች፦ ከበዓሉ አሥር ቀን በፊት የዋዜማ መነሻ ዋጋችሁን በግልጽ ለጥፉ። ዩኒየን ሁሉንም ቡና መግዛት አይጠበቅበትም፤ የተለጠፈ ዋጋ ብቻውን የሌላውን ገዢ እጅ ይይዛል። ቅድሚያ ክፍያ በደረሰኝ ይጀመር። አባሉ የትርፍ ክፍፍል የሚያገኘው በማኅበሩ ካስረከበ ነው፤ በዋዜማ ወደ ውጭ የሚወጣው ቡና ያንንም ይዞበት ይሄዳል።

ለላኪዎች፦ ብሩ ከገና በፊት ባለው ሰኞ ይላክ፣ ረቡዕ ከሰዓት አይሁን። የ40 ሳንቲም ወለድ እናንተ ላይ ይሁን፤ በምትኩ ቡናው ሳይቀላቀልና በጥድፊያ ሳይጫን ይደርሳችኋል። ዋዜማ ላይ በችኮላ የተገዛ ጀንፈል ውስጥ ያልደረቀ እንደሚገባ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ።

ለሰብሳቢዎችና ለአቅራቢዎች፦ የጀንፈል በራችሁን አብራችሁ ዝጉ፣ አብራችሁ ክፈቱ። መቼ እንደምትዘጉና መቼ እንደምትከፍቱ ተነጋገሩ፤ በስንት እንደምትገዙ ግን አትነጋገሩ። ዋጋ ላይ መስማማት ሌላ ስም አለው።

ጊዜውን ወደፊት ደግሞ እንመልከተው። ኢድ አልፈጥር በየዓመቱ ወደ ኋላ እየመጣ በ2022 ወደ ጥር መጨረሻ፣ በ2023 ወደ ጥር አጋማሽ ይደርሳል። ያን ዓመት ገና፣ ጥምቀትና ኢድ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይገባሉ፤ ያውም ጀንፈል በሚጎርፍበት ሰዓት። ሦስት ዋዜማ በተከታታይ ማለት ነው። ያኔ ጎሬና መቱ ላይ ሁሉም ቤት በአንድ ወር ውስጥ ብር ይፈልጋል፤ በዓል የሌለው ጎረቤት ለበዓለኛው የሚሸፍንበት ልማድም ይጨናነቃል። ለዚያ ዓመት መለማመጃው 2019 ነው።

የበዓል ቀንን ለካህኑ፣ ለሼኩ፣ ለፓስተሩና ለቤተሰቡ እንተወው። ዋዜማው ግን የእኛ የንግዱ ሰዎች ኃላፊነት ነው። በአካባቢያችሁ በዋዜማና ከበዓሉ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ገበያ ጀንፈል ስንት እንደገባ መዝግባችሁ ላኩልን፤ ቀበሌውን፣ ቀኑንና ዋጋውን ብቻ፣ የሰው ስም ሳትጠቅሱ። የሁለቱን ልዩነት ጎን ለጎን አድርገን እናወጣዋለን።

መልካም ገበያ።